አምስት ሙያ በአንድ ጥናት፦ ስብሰባው ከረረብኝ፣ ምከሩኝ

ጥያቄ አለኝ (ክሩን የከፈተችው)

ሰላም ለዚህ ቤት። ይረዝማል፣ ቻሉኝ። ካለፈው ማክሰኞ ስብሰባ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

እኔ ኤፒዲሚዮሎጂስት ነኝ (በሽታ በሕዝብ ውስጥ እንዴት እንደሚሰራጭ የማጠና)፤ አንድ ጥናት አስተባብራለሁ። ጥያቄው ሲነገር ቀላል ነው። የቦኖ ውሃ ሲገባ ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ ተቅማጥ ይቀንሳል ወይ? ግማሾቹ መንደሮች ውሃውን አሁን ያገኛሉ፣ ግማሾቹ ጥናቱ ሲያልቅ። ቡድኑ አምስት ሰው ነው። እኔ፣ የስታቲስቲክስ ባለሙያ፣ አንትሮፖሎጂስት (የሰውን ባህልና አኗኗር የምታጠና)፣ የውሃ መሐንዲስና የላብራቶሪ ባለሙያ። ፕሮፖዛሉ ላይ ሲነበብ ያምራል። ችግሩ አንድ ክፍል ውስጥ ስንቀመጥ ነው።

የመነሻ ዳሰሳውን ጨርሰናል። ውጤቱን ሳየው አንድ ነገር አልዋጥ አለኝ። ከ6 እስከ 11 ወር ባሉት ሕፃናት ላይ ተቅማጥ በጣም ትንሽ ነው። ይህ ዕድሜ ደግሞ ብዙ ቦታ ተቅማጥ የሚበረታበት ነው። ልጁ ከጡት ሌላ ምግብ ይጀምራል፣ ይድሃል፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል። እኛ ጋ ግን ከሁለት ዓመት ልጆች እንኳ አነሰ።

አንትሮፖሎጂስቷ በዚያው ሰሞን 24 እናቶችን ለየብቻ አነጋግራ ነበር። ስብሰባው ላይ ደብተሯን ገልጣ አንድ ገጽ አነበበችልን። መረጃ ሰብሳቢዋ ታብሌቷን ይዛ «ልጁን ባለፉት ሁለት ሳምንታት ተቅማጥ አሞት ነበር?» ትላለች። እናትየዋ «ኧረ ደህና ነው» ትላለች። መረጃ ሰብሳቢዋ «የለም» የሚለውን ነካ አድርጋ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ታልፋለች። እናትየዋ ይህን ስትመልስ እጇ ሳፋ ውስጥ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ለሦስተኛ ጊዜ የተበላሸ የልጁን ጨርቅ እያጠበች። አንትሮፖሎጂስቷ ቆይታ ብትጠይቃት «እሱማ ጥርስ እያበቀለ ነው፤ ምን ሕመም አለው» አለቻት።

ክፍሉ ዝም አለ። ከዚያ ስታቲስቲክሱ «በ24 ሰው ወሬ የሺህ ቤት ዳታ አይጣልም» አለ። «ወሬ» የምትለዋን ቃል ባይጠቀም ጥሩ ነበር። እሷ ደብተሯን ዘጋች። ከዚያ በኋላ የተነጋገርነው ሁሉ ስለ ነዳጅና ስለ መኪና ነው።

ጭራሽ ደግሞ በማግስቱ የማን ስም በጽሑፉ ላይ ይቅደም የሚል ኢሜይል መጣ። ገና ምንም ሳንጽፍ!

ሁለቱም ትክክል ይመስሉኛል። እንዴት ነው የማስታርቃቸው?

---

ዝም ብዬ አነባለሁ

ከሁሉ በፊት አንድ ልመና። እባካችሁ ማንም «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ እንዳይጽፍ። ስለ ሙያዎች ትብብር በተወራ ቁጥር የሚከፈት ስላይድ ላይ አለች፤ አንድ ቀን ግን መጠይቅ ስታስተካክል አላየኋትም።

---

ማስታወሻ ደብተር

እኔም አንትሮፖሎጂስት ነኝና ወገንተኛ ነኝ፤ ይኸው ተናገርኩ።

እህቴ፣ ስታቲስቲክሱ የተሳሳተው ቁጥሩ ላይ አይደለም። 24 ሰው አነጋግሮ «ከመቶው እናቶች ይህን ያህሉ እንዲህ ያስባሉ» ማለት አይቻልም። ባልደረባሽም እንዲያ ያለች አይመስለኝም። እሷ ያለችው ሌላ ነው። «ጥያቄያችሁ የጠየቀውና እናቶቹ የሰሙት አንድ አይደለም» ነው ያለችው። ይህን ለማወቅ ሺህ ሰው አያስፈልግም። አንድ ሳፋ ይበቃል።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በፓፑዋ ኒው ጊኒ ደጋ ፎሬ የሚባል ሕዝብ ውስጥ ኩሩ የሚሉት በሽታ ነበር። (ከአማርኛው ኩሩ ጋር ዝምድና የለውም፤ በእነሱ ቋንቋ መንቀጥቀጥ ነው።) ሐኪሞቹ በ1957 እ.ኤ.አ. ስለ በሽታው ጽፈው ለዓለም አሳወቁ። የሚበዙት በሽተኞች ሴቶችና ልጆች ነበሩ። በቤተሰብ ውስጥ ስለሚሄድ ብዙዎች በዘር የሚወረስ ነው ብለው አሰቡ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሮበርት ግላስና ሸርሊ ሊንደንባውም የተባሉ አንትሮፖሎጂስቶች እዚያው ሰፍረው አንድ ተራ ጥያቄ ይዘው ዞሩ። «ይህ በሽታ መንደራችሁ የገባው መቼ ነው? መጀመሪያ የያዘው ማንን ነበር?» ሽማግሌዎቹ ያስታውሳሉ! በሽታው በእነሱ ዕድሜ የመጣ ነው። በዘር የሚወረስ ገዳይ በሽታ በዚያ ፍጥነት እንዲያ ሊስፋፋ አይችልም። በዚያ ላይ «ዘመድ» ተብለው የተመዘገቡት ሁሉ የሥጋ ዘመድ አልነበሩም፤ የፎሬ ዝምድና ከደም ይሰፋል። ነገሩ ወደ ለቅሶ ሥርዓቱ መራ። የሞተ ዘመድን ሥጋ ይበሉ ነበር፤ በብዛት የሚበሉት ደግሞ ሴቶችና ልጆች። በኋላ እነ ካርልተን ጋጅዱሴክ በሽታው ወደ ቺምፓንዚ እንደሚተላለፍ በላብራቶሪ አሳዩ። ኖቤሉን በ1976 የወሰደው ጋጅዱሴክ ነው። አንትሮፖሎጂስቶቹ አልወሰዱም፤ ይህን የምለው ቂም ይዤ አይደለም (ትንሽ ይዣለሁ)።

ላብራቶሪው ያለዚያ የሽማግሌዎች ወሬ የት ይደርስ ነበር? አዎ፣ ወሬ ነው ያልኩት።

---

ቁጥር ነገረኝ

ስታቲስቲክስ ነው ሥራዬ። የሙያ ጓዴን ለመከላከል ነበር የገባሁት፤ «ወሬ» ያላትን ግን አልከላከልለትም።

ከመምከሬ በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ። ውሃው የሚገባላቸው መንደሮች ከቦኖው ጋር የጤና ትምህርትም ይሰጣቸዋል እንዴ? እጅ መታጠብ፣ ስለ ተቅማጥ ምናምን?

---

ጥያቄ አለኝ

አዎ። መሐንዲሱ ያለ ትምህርት ቦኖ ብቻ ማስገባት አይሆንም ብሎ በጀት አስይዟል። የጤና ባለሙያ በየወሩ እየሄደ እናቶችን ያስተምራል። ለምን ጠየቅከኝ?

---

ቁጥር ነገረኝ

ተቀመጪ እንግዲህ።

መጠይቁ የጥርስ ተቅማጡን ሳያየው ያልፋል እንበል። በሁለቱም ወገን እኩል የሚያመልጠው ከሆነ፣ ጤነኛውንም ልጅ ታሟል እስካላለ ድረስ፣ ሁለቱን ወገን በጥምርታ ስታነጻጽሪ ብዙ አይዛባም። አንዱ የሌላው ግማሽ ከሆነ ግማሽ ሆኖ ይቀጥላል። የሚጎዳው የጥናቱ አቅም ነው፤ የሚቆጠረው ሕመም ስለሚያንስ ልዩነቱን ለማየት ብዙ ሰው ይፈልጋል። የባልደረባሽ ልብ ያረፈው እዚህ ላይ ይመስለኛል። «ስህተቱ እኩል ነው፣ ይጠፋፋል» ብሎ።

አሁን ትምህርቱን ጨምሪበት። ባለሙያው ሄዶ «የጥርስ ተቅማጥ የሚባል ነገር የለም፤ ሕመም ነው፤ ልጁ ፈሳሽ ያስፈልገዋል» ይላል። ልክ ነው ያለው። ግን በዚህ ንግግር ውሃ ያገኙት እናቶች ስያሜያቸውን ይቀይራሉ። ሌሎቹ አይቀይሩም። ያው ተቅማጥ እዚህ ይቆጠራል፣ እዚያ አይቆጠርም። ውሃው በደንብ እየሠራ፣ የመጨረሻው ሠንጠረዥ «ቦኖ የገባበት መንደር ተቅማጥ ጨመረ» ሊልሽ ይችላል።

ይሄ እኩል ስህተት አይደለም። የትኛውም ሞዴል ከዚያ በኋላ አያድነውም። እኔ ኮምፒውተሬ ፊት ተቀምጬ አላገኘውም ነበር፤ ዳታው ውስጥ የለማ! ደብተሯ ውስጥ ነው ያለው። ለጓዴ ይህን ንገሪውና ስሜን አትጥሪ።

የመነሻውን ዳታ አትጣሉ። የተወሰኑ ቤቶችን በዕጣ ምረጡ። ለእኩሌታው የድሮውን ጥያቄ፣ ለእኩሌታው አዲሱን ጠይቁ። አዲሱ ውስጥ «አሞት» የሚል ቃል አይግባ። «ከትናንት ጠዋት እስከ ዛሬ ጠዋት ስንት ጊዜ ወጣለት? ምን ይመስል ነበር?» በሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ተቅማጥ የሚለው በአንድ ቀን ሦስትና ከዚያ በላይ ጊዜ ቀጭን ወይም ውሃ የሆነ ሰገራ ነው። እናትየዋ ትቁጠር፤ ስሙን እኛ እናውጣለት።

---

የሕፃናት ክፍል ነርስ

በመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆይ ወንድሜ። ስሙን እናንተ ብቻ ካወጣችሁለት ሌላ ጣጣ ታመጣላችሁ።

ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን በቀን አምስትና ስድስት ጊዜ ሊወጣለት ይችላል፤ ለስለስ ያለ፣ ቢጫ። ጤነኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅቱ ትርጉም ራሱ ይህን ከተቅማጥ አይቆጥርም። ቁጥር ብቻ ከጠየቃችሁ ትንንሾቹ ሁሉ በሽተኛ ይሆናሉ። «ከወትሮው የተለየ ነው ወይ?» የምትለዋ መግባት አለባት። ወትሮውን ደግሞ የምታውቀው እናትየዋ ናት። ክፍላችን ውስጥም መጀመሪያ የምንጠይቀው ይህንኑ ነው።

---

ቁጥር ነገረኝ

ተቀብያለሁ። «ጤነኛውን ታሟል እስካላለ ድረስ» ያልኳትን ራሴ ረሳኋት። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ተማርኩ፤ ይበቃኛል።

---

ላብራቶሪው ጥግ

ከእናንተ ውይይት ትንሽ ላውጣችሁ፤ ቃል ከተነሳ ግን የኛም ጉድ አለ።

በአንድ ጥናት ስብሰባ ላይ ስታቲስቲክሷ በስልክ «ናሙናው ስንት ደረሰ?» አለችኝ። «ሦስት መቶ ሃያ» አልኳት። ደስ አላት፤ ሪፖርቱ ላይ 320 ቤት ተጎበኘ ብላ ጻፈች። እኔ የነገርኳት ፍሪጅ ውስጥ ያለውን የሰገራ ብልቃጥ ነው! ከአንዳንዱ ልጅ ሁለት ብልቃጥ ነበረ። ለእሷ ናሙና ማለት የተመረጠ ሰው ነው፤ ለእኔ ክዳን ያለው ነገር ነው። ሁለታችንም አማርኛ ነው የተናገርነው። ስህተቱን ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጀ።

ከዚያው ቡድን አንድ የሶሲዮሎጂ ሰው ነበር። «ካልቸሩ ነገ ይደርሳል» ስል ሰምቶ፣ ስለ ባህል የማወራ መስሎት ማስታወሻ ይዞ መጣ። ባክቴሪያ ነው የማሳድገው ወንድሜ።

«ጣልቃ ገብነት» የምትለዋንም ጨምሩባት። የጤና ሰው ጥሩ ሥራ ለማለት ይጠቀምባታል፤ የመድኃኒት ጣልቃ ገብነት፣ የውሃ ጣልቃ ገብነት። ከመንደር የመጣ ሰው ግን ምን ይሰማል? በማያገባህ ገባህ። አንድ የአካባቢ ሽማግሌ «መቼ ነው ጣልቃ መግባታችሁን የምታቆሙት?» ብለው በቅንነት ጠይቀውናል።

«ጉልህ ልዩነት»ን ደግሞ ለሐኪምና ለስታቲስቲክስ ለየብቻ አስተርጉሟት። አንዱ «ትልቅ ነው» ይላችኋል። ሌላው «በአጋጣሚ ነው ለማለት ይከብዳል፤ ትልቅ ይሁን አይሁን ሌላ ጉዳይ ነው» ይላችኋል።

እኛ አሁን የምናደርገው ይኸው ነው፦ ጥናቱ ሲጀመር በአንድ ገጽ ላይ ቃላቱን እንጽፋለን። ናሙና፣ ቤተሰብ፣ ታማሚ፣ ውጤት። ሁሉም ስለ እያንዳንዱ ቃል አንድ አንድ መስመር ይጽፋል። ሲነበብ ሰው ይስቃል። ከሳቁ በኋላ ነው ሥራው የሚጀመረው።

---

ደረሰኝ የለም

እኔ ልዩነቴን ላስመዝግብ። የጤና ኢኮኖሚክስ ነው ሙያዬ።

«የሙያዎች ትብብር» የሚባለው ነገር ግማሹ ለገንዘብ ሰጪ የሚቀርብ ጌጥ ነው። ፕሮፖዛል ላይ ስሜ አለ፤ ጥናቱ ውስጥ የለሁም። ባለፈው ሊያልቅ አንድ ወር ሲቀረው ተደወለልኝ። «የወጪ ትንተናዋን ቶሎ ሥራልን» ተባልኩ። እሺ፣ የወጪው መዝገብ የታለ? የለም። የሠራተኛው ሰዓት? አልተያዘም። በጎ ፈቃደኞቹ የሠሩበት ጊዜስ? «እሱ ነፃ ነው» አሉኝ። ነፃ! ለሦስት ዓመት በሳምንት ሁለት ቀን ከእርሻ የቀረ ሰው ነፃ ነው?

ጥናቱ ሲጀመር አንድ ሰዓት ቢሰጡኝ ኖሮ አንድ ቅጽ ብቻ ነበር የምሰጣቸው። አንድ ገጽ። አሁን ግን ከሰው ትዝታ ወጪ ሠራሁ። ጽሑፉ ታተመ፣ ስሜ አለበት፣ አላምንበትም።

ስለዚህ እህቴ፣ የማትፈልጉትን ሙያ አትጥሩ። አምስት ሙያ ይዞ አንዱን ብቻ ከመስማት፣ ሁለት ይዞ መደማመጥ ይሻላል።

---

በረት አካባቢ

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። በ«ጌጥ ነው» አልስማማም፤ በ«ዘግይቶ መደወል» ግን ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። እኛን ደግሞ ዘግይቶም የሚደውልልን የለም፤ እኛው ነን የምንደውለው።

በ1999 እ.ኤ.አ. ነሐሴ አካባቢ ኒው ዮርክ ውስጥ ሰዎች በአንጎል ብግነት መታመም ጀመሩ። የጤና ባለሥልጣናቱ ምርመራ አድርገው ሴንት ሉዊስ በሚባል በትንኝ የሚተላለፍ ቫይረስ ነው አሉ። በዚያው ሰሞን ቁራዎች እየሞቱ ነበር። ብሮንክስ የእንስሳት ማቆያ ውስጥም ፍላሚንጎዎችና ሌሎች ወፎች ሞቱ። የማቆያው የእንስሳት በሽታ መርማሪ ትሬሲ ማክናማራ ነገሩ አልገጥም አላት። የሴንት ሉዊስ ቫይረስ ወፍ ላይ ይኖራል፤ ወፍ ግን እንዲያ አይጨርስም። ሌላው ተጠርጣሪ የፈረስ አንጎል ብግነት ቫይረስ ቢሆን ደግሞ ኢሙዎቹ (ሰጎን የሚመስሉ ትልልቅ ወፎች) መጀመሪያ ይሞቱ ነበር፤ እነሱ ደህና ናቸው። ስልክ መታች። መጀመሪያ ላይ ሰሚ አላገኘችም፤ የሰው በሽታና የወፍ በሽታ ሁለት የተለያየ ቢሮ ነው። እሷ ግን አልተወችም፤ ናሙና ወደ ሌሎች ላብራቶሪዎች ላከች። በመስከረም ዌስት ናይል የሚባል ቫይረስ መሆኑ ታወቀ። ያ ቫይረስ ከዚያ በፊት በአሜሪካ አህጉራት ታይቶ አያውቅም ነበር። በዚያ ዓመት እዚያ አካባቢ 62 ሰው በጠና ታመመ፣ 7 ሰው ሞተ።

እዚህ ላይ የምወደው የኢሙዎቹን ነገር ነው። ያልሞተ ወፍ ማስረጃ ሆነ። ይህን ለማየት ኢሙ በምን እንደሚሞት ማወቅ ያስፈልጋል፤ የሰው ሐኪም ይህን እንዲያውቅ አይጠበቅም።

---

ውሃና ቱቦ

መሐንዲስ ነኝ (የእሷ ቡድን መሐንዲስ አይደለሁም፤ እሱን አላውቀውም)።

እኛ ላይ ሁሌ የሚነሳ ስሞታ አለ፤ «ቧንቧ ቀብራችሁ ትሄዳላችሁ» የሚል። እውነት አለው። የባንግላዲሽን ጉዳይ ተማሪ ሳለሁ ሰምቼ ልቤ ተሰብሯል። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰው ከኩሬ ውሃ እንዲላቀቅ የእጅ ፓምፕ ጉድጓዶች በብዛት ተቆፈሩ። ዓላማው ቅዱስ ነበር፤ ተቅማጥ ሕፃናትን እየፈጀ ነበርና። ውሃው ከጀርም አንፃር ንጹሕ ነው። ግን በ1993 በጉድጓድ ውሃ ውስጥ አርሴኒክ የሚባል መርዝ ተገኘ። ከመሬቱ ከራሱ የመጣ ነው፤ ማንም አልጨመረውም። በዚያ ዘመን በተለመደው የውሃ ምርመራ ውስጥ አርሴኒክ አልነበረም። ማን ይጠይቅ? የጤናው ሰው የሚያስበው ስለ ጀርም ነው፤ እኛ ስለ ጥልቀትና ስለ ፓምፕ። የድንጋዩን ጠባይ የሚያውቀው ጂኦሎጂስት ክፍሉ ውስጥ የለም።

ከዚያ በኋላም ነገሩ አላለቀም። ጉድጓዶቹ ተመርምረው ደህናው አረንጓዴ፣ መርዛሙ ቀይ ተቀባ። ጎረቤት ለጎረቤት ያሉ ሁለት ጉድጓዶች እንኳ ይለያያሉ። «ወደ አረንጓዴው ሂዱ» ማለት ቀላል ነው። አረንጓዴው ግን የሰው ግቢ ውስጥ ነው። በየቀኑ ባልዲ ይዞ የሰው አጥር መግባት እንዴት ይታያል? ማንስ ይፈቅዳል? የኬሚስትሪ ጥያቄ አይደለም ይሄ። ማስታወሻ ደብተር የምትለው ዓይነት ሰው ነው የሚያስፈልገው።

ላንቺ መሐንዲስ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ትምህርቱን በበጀት ያስያዘው ጥሩ አስቦ ነው። «ትምህርትህ ጥናቱን አበላሸ» ብላችሁ አትምጡበት። ትምህርቱ ይቀጥል፤ የሚስተካከለው መጠይቁ ነው።

---

የቀድሞ ገምጋሚ

ልጆቼ፣ ውይይታችሁ ደስ ይላል። ጡረታ ከወጣሁ ቆይቷል፤ ሆኖም ስለ ስም ቅደም ተከተል የተነሳውን ማንም ስላልነካው ልንካው። በእኔ ዘመን ብዙ ወዳጅነት የፈረሰው በዚህ ነው።

የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ የጽሑፍ ባለቤት ለመባል አራት መለኪያ አለው። በሐሳቡ፣ በዳታው ወይም በትንተናው ላይ ቁም ነገር ያለው አስተዋጽኦ፤ ጽሑፉን መጻፍ ወይም በብርቱ ማረም፤ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፤ ለሥራው ተጠያቂነትን መቀበል። አራቱም መሟላት አለባቸው። ገንዘብ ማምጣት ብቻውን አይበቃም፤ ይህን ለአለቆች መናገር የወጣት ሥራ አይደለምና እኔ ልናገረው።

ችግሩ መለኪያው ማን ይቅደም የሚለውን አይመልስም። ይህ ደግሞ በየሙያው ይለያያል። በሕክምናና በኅብረተሰብ ጤና የመጀመሪያው ስም ሥራውን የሠራው ነው፣ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ የመሪው። በኢኮኖሚክስ በፊደል ተራ መጻፍ የተለመደ ነው። አንትሮፖሎጂስት ደግሞ ብዙ ጊዜ ለብቻው ይጽፋል፤ ከአሥር ስም መካከል ሰባተኛ መሆን ለዕድገቱ ምንም ላይጠቅመው ይችላል። ስለዚህ «ሦስተኛ እናድርግሽ» ስትሏት ስጦታ የሰጣችኋት ይመስላችኋል፤ እሷ የሰማችው ሌላ ነው።

ለሁሉም የሚበቃ አንድ ወንበር የለም። ሁለት ጽሑፍ አድርጉት። የውሃው ውጤት አንድ። የጥርስ ተቅማጡ፣ እናቶች ምን ብለው እንደሚጠሩትና መጠይቁ እንዴት እንዳመለጠው፣ ሌላ። ሁለተኛውን እሷ ትምራ፤ ስታቲስቲክሱ ከሥሯ ይግባ። ገምጋሚ በነበርኩበት ጊዜ የቃለ መጠይቅ ሥራ በትልቁ ጽሑፍ ውስጥ ወደ አንድ አንቀጽ ተጨምቆ ስንት ጊዜ አየሁ። ከዚያ «ሴቶች እንደነገሩን» የሚል አንድ ጥቅስ ይቀራል፤ እንደ ጌጥ።

ሌላም፣ መጠይቁን ከመቀየራችሁ በፊት ለሥነ ምግባር ኮሚቴው የፕሮቶኮል (የጸደቀው የጥናት ዕቅድ) ማሻሻያ አስገቡ። ትንሽ ነገር ናት ብላችሁ አትለፏት።

---

ደረሰኝ የለም

ጋሼ፣ እርስዎን የመሰለ ገምጋሚ ቢደርሰኝ ያንን ጽሑፍ ውድቅ ያደርጉልኝ ነበር።

---

የቀድሞ ገምጋሚ

አደርገው ነበር። ቅጹን ግን ለምን በራስህ ተነሳሽነት መጀመሪያ ላይ አልላክህላቸውም? መደወል በሁለቱም በኩል ነው።

---

ደረሰኝ የለም

...እውነትዎን ነው።

---

ጥያቄ አለኝ

ከሰባት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ክሩ ስላልተዘጋ ደስ ብሎኛል።

መጀመሪያ ለስታቲስቲክሱ የትምህርቱን ነገር በነጭ ሰሌዳ ላይ ሣልኩለት። ሁለት ዓምድ፣ አንድ ቀስት። ሳልጨርስ ማርከሩን ተቀበለኝና ራሱ ጨረሰው። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ሰሌዳውን አየ። «ይሄን ለምን በዚህ መልክ አልነገራችሁኝም?» አለ። ነግረንሃል ልለው ነበር፤ ዋጥኩት። እሷ የነገረችው በሳፋ ነው፤ እሱ የሚሰማው በቀስት ነው።

ማሻሻያው ጸደቀ። በዕጣ የተመረጡት ቤቶች ላይ ሁለቱን ጥያቄ ሞከርን። የነርሷን «ከወትሮው የተለየ ነው ወይ?» አስገብተናታል። አንትሮፖሎጂስቷ ቃሉን ከመረጃ ሰብሳቢዎቹ ጋር ሦስት ቀን ሙሉ ስትመዝነው ዋለች። ልዩነቱ ምንም ትንተና ሳይሠራ በዓይን ይታያል። በተለይ በእነዚያ ከ6 እስከ 11 ወር ባሉት ላይ።

የቃላት ገጹንም ሠራን። ላብራቶሪው ጥግ፣ አመሰግናለሁ። «ቤተሰብ» ላይ አምስት ሰው አምስት ትርጉም ጻፈ። የመሐንዲሱ «በአንድ ቧንቧ የሚጠቀም» ነው።

ያልጠበቅኩት ነገር ስታቲስቲክሱ «እኔም መስክ ልውጣ» ማለቱ ነው። በአሥራ ምናምን ዓመት ሥራው መጠይቅ ሲሞላ አይቶ አያውቅም ነበር። ከእሷ ጋር አንድ ቀን ዋለ። ሲመለስ ጫማው ጭቃ ነው፤ በኪሱ ትንሽ ደብተር ይዟል። አንዲት እናት መረጃ ሰብሳቢዋን ላለማሳፈር ብላ «አዎ» ስትል አየ፤ መረጃ ሰብሳቢዋ ከሄደች በኋላ እናትየዋ ይህን ለጎረቤቷ ስታስረዳ ሰማ። ይህንን በመኪና ውስጥ ሦስት ጊዜ ነገረን። በዳታው ላይ እንዴት እንደሚይዘው እስካሁን አላወቀም።

ሁለት ጽሑፍ የሚለውን ሐሳብ አምስታችንም ተቀብለናል። በሁለተኛው ላይ ችግር የለም። በመጀመሪያው ላይ መሐንዲሱ የመጨረሻው ስም ይገባኛል ይላል፣ ያሠራንም ተቋም የራሱን ሰው ይፈልጋል። ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ስብሰባ አለን። የጋሼን አራት መለኪያዎች አትሜ ይዣለሁ።